ሳበኝ ያለው ድንጋይ

ሰፈሩ ሁሉ ካውያ እያለ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከቤተሰቡና መታወቂያ ከሚያድስለት ጸሐፊ በቀር የሚያስታውስ ሰው ቢፈለግ መገኘቱ ያጠራጥራል። ሬዲዮ ይጠግናል፣ ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ የውሃ ማሞቂያና ማራገቢያ ይጠግናል፤ ቅጽል ስሙን ያመጣችበት ግን እንደ አናጢ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ የሚሰካት የመበየጃ ካውያ ናት። አንድ ቀን መቀዝቀዟን ሳያረጋግጥ ሰክቷት ጆሮውን ለብልባዋለች። ጠባሳውን ለጠየቀው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያሳያል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀውም እሱ ነው።

ሱቁ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ከሚስቱ ልብስ ስፌት ጋር ጎን ለጎን የተለጠፈች ናት። መሃል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ ሳይተያዩ ይጨዋወታሉ። እሷ ዩኒፎርም ስትሰፋ ቆይታ መኪናዋ ድንገት ጸጥ ሲል፣ እሱ ቀና ሳይል «ክር ተበጠሰብሽ?» ይላታል። እሱ ማፏጨት ሲጀምር ደግሞ እሷ «በሽታውን አገኘኸው ማለት ነው» ትለዋለች።

እሁድ እሁድ ካውያ የቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ኪቦርዱን ከተጣለ ዕቃ መሃል አንስቶ ነፍስ የዘራበት እሱ ስለነበር ሌላ ሰው ሊነካው ሳይደፍር እሱው ዘንድ ቀረ። ኪቦርዱ ውስጥ ተዘጋጅተው ከመጡት ምቶች አንዱን ይወዳል። የደስታ መዝሙር ሲሆን ያፈጥነዋል፣ የጸሎት ሲሆን ያዘገየዋል እንጂ ምቱን ለውጦ አያውቅም። መዘምራኑ የሚዘምሩት ከባሕር ማዶ ተተርጉሞ የመጣውን ወይም ከትልቁ ከተማ በስልክ የተላከውን ነው፤ ያንኑ ያሳምሩታል። እንዲህ ሲኖሩ ጎደለብን ያለ ሰው አልነበረም።

የጎደለው የታወቀው እንግዶች የመጡ ዕለት ነው።

ከተራራው ወዲያ ካለ አገር አንድ አውቶብስ ሙሉ መዘምራን ለጉብኝት መጥተው በእሁዱ አምልኮ ላይ ዘመሩ። ዜማው የራሳቸው ነበር። እየሠሩ ሲያንጎራጉሩት፣ ልጅ ሲያባብሉበት የኖሩት መሆኑን ሰሚዎቹ ማንም ሳይነግራቸው አወቁት። ጉባኤው ከወንበሩ ተነሣ፤ ካውያም ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ አፉን ከፍቶ ሰማ። ከፕሮግራሙ በኋላ በአዳራሹ አብረው ሲበሉ የእንግዶቹ መሪ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ የጭነት መኪና ሾፌር፣ በሉ እንግዲህ እናንተም የእናንተን አሰሙን አለ። መዘምራኑ ተሰለፉና የሚኮሩበትን መዝሙር ጀመሩ። ገና ከመጀመሪያው ስንኝ እንግዶቹ አብረው ዘመሩ። ሁለተኛውን ስንኝም ያውቁታል፤ ሦስተኛውን እንዲያውም ከባለቤቶቹ አብልጠው ያውቁታል።

መዝሙሩ ሲያልቅ ከእንግዶቹ መሃል አንዲት አሮጊት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይቺማ የእኛም ናት ልጆቼ። የራሳችሁን ማለታችን ነው» አሉ።

መጋቢው ጉሮሮውን ጠረገ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። ካውያ ያልላላ ገመድ አጠብቃለሁ ብሎ ከኪቦርዱ ሥር ተደበቀ፤ እንግዶቹ ሻይ እስኪቀዳላቸው ድረስም አልወጣም።

ነገሩ ከነከነው። በማግስቱ አንድ ቴሌቪዥን ሆዱን ከፍቶ ፊቱ ዘርግቶ ሳለ እጁ ሥራ አልይዝ አለው። የራሳችን የሚባል አንድ መዝሙር እንኳ እንዴት አይኖረንም እያለ፣ ማንም ሳያዘው አንድ ሊፈጥር ቆርጦ ተነሣ። አንድ ዜማ መጣለትና አንጎራጎረው። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ቆመ።

ሚስቱ ያቺን አምና እንደዘመሯት ነገረችው። ሌላ ሞከረ፤ እሷም ከዚያ በፊት የዘመሯት ሆና ተገኘች። ሦስተኛዋ አዲስ መሰለችው፤ ሚስቱ ግን የሳሙና ማስታወቂያ መሆኗን አስታወሰችውና ሁለቱም ከግድግዳው ወዲያና ወዲህ ሆነው እስኪበቃቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ካውያ አቀርቅሮ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። ጭንቅላቱ ውስጥ የተሰካው ካሴት ሁሉ የሰው ነበር።

መፍትሔው ያለው ግን ከጓሮ ነው። እናቱ በሞተች ጊዜ ወስዳ ያሳደገችው አክስቱ፣ ሰፈሩ እቴቴ የሚላት፣ ከእነሱ ጋር በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ትኖራለች። እቴቴ በወጣትነቷ ከከተማው በላይ ባለው የድንጋይ ካባ ጠጠር ትሸከም ነበር። የመፍጫ ማሽን ከመምጣቱ በፊት ወንዶቹ የተፈለጠውን ድንጋይ በገመድ እየጎተቱ ከጉድጓድ ሲያወጡ፣ ሥራው የሚሄደው በዜማ ነው። አንድ አቀንቃኝ ያወጣል፣ ጎታቹ ሁሉ ይቀበላል። አቀንቃኟ እቴቴ ነበረች። ድምፅዋ ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው ይሻገር ነበር ይባላል። ያመነች ጊዜ በዚያ ዘመን የነበረው ሰባኪ የዓለሙን ሁሉ ተዉ ሲል ሰማችና ሁሉንም ተወች፤ እቴቴ ከተወች የተወች ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ዜማው እንደ ጠባብ ጫማ እየቆነጠጣት ከሌላው ትንሽ ዘግየት ብላ ትደርሳለች።

ብርድ ልብስ ስታጥብ ግን ነገር ያመልጣታል። ካውያ ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ጆሮውን ጥሎ አልሰማውም እንጂ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለምሳ ገብቶ ሳለ እቴቴ ከጓሮ በትልቁ ሳፋ ውስጥ ቆማ ብርድ ልብሱን በእግሯ ስትረግጥ፣ ያ የካባው ዜማ ከአፍንጫዋ እየወጣ ነበር። ሦስት ጊዜ ትረግጣለች፣ ታርፋለች። ሦስት ጊዜ ትረግጣለች፣ ታርፋለች። ካውያ ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆመ።

«ከመጋረጃው ሥር ጫማህ ይታያል» አለች እቴቴ፣ ዞር ሳትል።

ወጣና ከሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አለ። እንግዶቹ መጥተው የሆነውን ሁሉ፣ ያፈሩትን እፍረት ሁሉ ነገራት። እሷም በቦታው ነበረችና ታውቀዋለች፤ ቢሆንም እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ያንን ዜማ እንድትሰጠው ለመናት።

«እሱ የአቧራ ዘፈን ነው። ትቼዋለሁ» አለች።

«ዘፈኑን ተዪው እቴቴ። ዜማውን ብቻ ስጪኝ።»

«ዜማና ዘፈን እንደ ቁልፍና ሸሚዝ ተፈትቶ የሚለያይ መሰለህ?» ብላ ብርድ ልብሱን አገላበጠችና መርገጧን ቀጠለች፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ዝም ብላ ረገጠች።

ካውያ ጆሮው በሰረቀው ተማመነ። ኪቦርዱን ወደ ቤት አምጥቶ መብላት በነበረበት ሰዓት ምግቡን ወደ ጎን እየገፋ ያንን ዜማ ሊያወጣ ይጥር ጀመር። ከጓዳ ሽንኩርት የምትከትፈው እቴቴ የመጀመሪያውን ቀን ቻለች። በሁለተኛው ቀን ቢላዋው የመክተፊያውን እንጨት አብዝቶ መታ። በሦስተኛው ቀን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች።

«እዚያ ጋ ለምን ትሮጣለህ? ሰው ይተነፍሳል እኮ።»

ካውያ እንዲያ ነው እንዴ ብሎ ደገመው። እቴቴ ኪቦርዱ ውስጥ የሚመታውን ምት በጣቷ እያመለከተች ዝም አሰኘው አለችው። ይህ ዜማ ድንጋይ ሲጎተት የሚዜም ነው፤ ሦስቴ ጎትተህ በአራተኛው አየር ትስባለህ፣ ያኔ ድንጋዩም ያርፋል፣ አንተም ታርፋለህ። ይሄ ማሽን ግን አይተነፍስም። ይህን ስትነግረው እንደ ተቆጣች ነበር፤ ንዴቷ ግን ዜማውን ለማስተማር ሳይሆን ሲበላሽ ላለመስማት ይመስላል። ቀጥለው አንዲት ድምፅ ላይ ደረሱ። ካውያ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ወረደ አለችው፤ የሚቀጥለውን ሲጫን አለፍከው አለችው። ድምፁ በሁለቱ ቁልፎች መሃል ነው ያለው። ለጠጋኝ ሰው ይህ ትልቅ ፈተና ነው። ካውያ መፍቻውን አነሳ።

ሚስቱ ያንን ነገር ባትከፍተው አለችው። ከፈተው። የዚያን ሳምንት ኪቦርዱ በተነካ ቁጥር እንደ ዳክዬ ሲጮህ ሰነበተና ጎረቤቶች ምን ዓይነት እንስሳ ገዛችሁ እያሉ ጠየቁ። ካውያ እንደ ነበር አድርጎ መልሶ ገጠመውና ያቺን ድምፅ ለሰው ጉሮሮ ተወላት።

ዜማው ከሞላ ጎደል በእጁ ገባ። እቴቴም ሰጥቻለሁ ሳትል፣ ተሳስተሃል እያለች ብቻ ሁሉንም ሰጠችው። የቀረው ቃሉ ነበር። ካውያ መዝሙር ማለት ትልልቅ ቃል ማለት መስሎት ግርማና ዘላለማዊነት፣ ልዕልናና ክብር እየደረደረ ጻፈ። እቴቴ ስትዘምረው ትንፋሹ ከቃሉ እኩሌታ ላይ አለቀ። አሳጥሮ ጻፈ፤ ትንፋሹ በቃ፣ ቃሉ ግን ዜማው ላይ እንደ ተውሶ ኮት ተንጠለጠለ።

አንድ ጠዋት ካውያ እንደ ልማዱ ከአልጋ አልነሣ አለ። ሚስቱ አንዴ ጠራችው፣ ሁለቴ ጠራችው፤ በመጨረሻ እግሩን ይዛ ጎተተችው። ከደጅ እቴቴ ምን እየሆናችሁ ነው ብላ ስትጠይቅ ሚስቱ፣ «ምን እሆናለሁ፣ በየጠዋቱ የምጎትተው ድንጋይ አለኝ» ብላ መለሰችላት።

ካውያ ተስፈንጥሮ ተቀመጠ። በካባው ሲዘፈን ጎታቾቹ ድንጋዩን «ና! ና!» ይሉት እንደነበር እቴቴ ነግራዋለች። እሱም መዝሙሩን ሲያስብ ሁልጊዜ ራሱን ከጎታቾቹ ወገን አድርጎ ነበር። አሁን ግን ድንጋዩ እሱ መሆኑ ገባው። ጥርሱን እንኳ ሳይፍቅ አንድ የካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈና ወደ ጓሮ ሮጦ ለእቴቴ አነበበላት። አቀንቃኙ አንዷን ስንኝ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ «ሳበኝ ጌታዬ» እያለ ይመልሳል፦

ከብጃለሁ፣ ሳበኝ ጌታዬ፤
ተቀብሬ፣ ሳበኝ ጌታዬ፤
ከነአፈሬ፣ ሳበኝ ጌታዬ፤
ለቤትህ ልሁን፣ ሳበኝ ጌታዬ።

እቴቴ «ከነአፈሬ» የሚለውን ብቻ በከንፈሯ ደገመችው። ድንጋይ ከጉድጓድ ሲወጣ ከነአፈሩ ነው፣ የሚታጠበው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገች። ካውያ ያላየ መሰለ።

መዘምራኑ ዜማውን ሲሰሙ ወደዱት። ጉባኤ ፊት ለመዘመር ግን የሽማግሌዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰብሳቢው ጋሽ ቀያሽ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ መሬት ሲቀይሱ ኖረው በጡረታ የወጡ፣ ነገርን ሁሉ ሳይለኩ የማያልፉ ሰው። ካውያ ተቃውሞ ቢነሣ የሚመልሰውን በልቡ አዘጋጅቶ ገባ። ዜማን ሁሉ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ሊል ነበር፤ ሌላም ብዙ ሊል ነበር።

ጋሽ ቀያሽ ግን ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቀው ወንበራቸውን አስጠጉና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ዜማው መጥፎ ነው አልልም። እኔ በወጣትነቴ ካባው ላይ ቀያሽ ነበርኩ። ሠራተኛው ደመወዝ ሲቀበል ከዚያው ዜማ ቆርጦ ሌላ ቃል አስገብቶ መጠጥ ቤት ይዘፍነዋል። እኔም ከፊት ሆኜ ነበር የምዘፍነው። ከዚያ ቤት የወጣሁት በእግዚአብሔር እጅ ነው። አንተ መዝሙር ስትሰማ እኔ የጠርሙስ ድምፅ ብሰማስ?»

ካውያ ያዘጋጀውን መልስ ሁሉ ዋጠው። ይልቁንስ የመጠጥ ቤቱ ዜማ የትኛው እንደሆነ እንዲያሰሙት ጠየቃቸው። ጋሽ ቀያሽ በሩን ዘግተው፣ ማንም አለመኖሩን አረጋግጠው፣ በቀጭኑ አንጎራጎሩለት። አውጪውና ተቀባዩ ያለበት ፊተኛው ክፍል ሌላ ነበር፤ መዞሪያው፣ ዜማው ወደ መጀመሪያው የሚመለስበት ጭራው፣ ግን ቁርጥ ያው ነው። ካውያ እንግዲያው መዞሪያውን እንተወዋለን አለ። ጋሽ ቀያሽ ተገርመው አዩት፤ ክርክር ነበር የጠበቁት። ለአንድ እሁድ ለሙከራ ይዘመር ብለው ፈቀዱ።

እቴቴ ይህን ስትሰማ ጭራውን ቆረጣችሁት ብላ አኮረፈች። ኩርፊያዋ ግን ሁለት ብርድ ልብስ ታጥቦ እስኪሰጣ ነው የቆየው። በማግስቱ ሱቁ ድረስ መጥታ፣ በበሩ ላይ እንደ ቆመች፣ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን አዲስ መዞሪያ አዜመችለት። ከየት አመጣሽው ሲላት እኔ ምን አውቄ፣ ሲነጋ አፌ ላይ አገኘሁት አለችው።

የሙከራው እሁድ ደረሰ፤ ባይደርስ ግን ይሻል ነበር። መዘምራኑ ጋውናቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ እንደ ዱላ ተገትረው ቆሙ። ካውያ ከመርበትበቱ የተነሣ እጁ በልማድ ሄዶ ያንን የሚወደውን ምት ለኮሰው። ማሽኑ የማይተነፍስ ነውና መዘምራኑ አየር ሊስቡ ሲቆሙ እሱ ቀጠለ። ግማሹ ከማሽኑ ጋር ሄደ፣ ግማሹ ከትንፋሹ ጋር ቀረ። አንዱ «ከነአፈሬ» ሲል ሌላው «ሳበኝ» ይላል። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት፣ በወጣትነቷ ከእቴቴ ጋር ጠጠር የተሸከመች፣ ዜማውን በዚያ ቦታ መስማቷ አስደንግጧት ይሁን ምን፣ ሳቅ አመለጣት። ሳቅ ደግሞ ሲጋባ ጊዜ አይፈጅበትም። መዝሙሩ ከመሃሉ ተቆረጠና ሁሉም ወደሚያውቁት ተሻገሩ።

የካውያ ፊት ፍም መሰለ። ጋሽ ቀያሽ ሲወጣ በሩ ላይ ጠብቀው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት እንጂ ነግሬህ ነበር አላሉም። ሚስቱ ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ ጋውኑም ትንሽ አለበት እያለች አጽናናችው። እሱ ግን በቃኝ አለ፤ እኔ ዕቃ ጠጋኝ ነኝ፣ መዝሙር ሠሪ ማን አደረገኝ አለ። ከሁሉ የከበደው የእቴቴ ነገር ነው። ብርድ ልብስ ስታጥብ ከአፍንጫዋ የሚያመልጣት ነገር ጠፋ። ጓሮው የውሃ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ ወራት አዳራሹን እያሰፋ፣ ከላይ ሰገነት ለመጨመር እየሠራ ነበር። የሰገነቱ ወለል በኮንክሪት የሚሞላበት ቅዳሜ ምእመኑ ሁሉ አሮጌ ልብሱን ለብሶ ለጉልበት ሥራ ወጣ። ፎርማኑ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለም፤ ቆፍጣና፣ ቃል የማያባክን ሰው ነው። ማደባለቂያው ኮንክሪቱን አቡክቶ እንደ ጨረሰ፣ ወደ ላይ ያወጣዋል የተባለው መሣሪያ መንገድ ላይ መበላሸቱ ተሰማ። ፎርማኑ ኮንክሪት ሰው አይጠብቅም፣ ሳይደርቅ በእጅ ይውጣ ብሎ ባልዲ አስመጣ።

በእንጨቱ መወጣጫ ላይ ከታች እስከ ላይ ተሰለፉ። ካውያ ከመሃል፣ ሚስቱ ከታች፣ ጋሽ ቀያሽ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ ብለው ከላይኛው ጫፍ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። አንዱ ሲያቀብል ሌላው ገና ላቡን ይጠርጋል፤ የሞላው ባልዲ ሽቅብ ሲመጣ ባዶው ቁልቁል ወርዶ ይጋጫል፤ ኮንክሪቱ በሰው ጫማ ላይ ይፈሳል። ፎርማኑ እየጮኸ ድምፁ ሻከረ። መጋቢው አንድ ባልዲ እግሩ ላይ ወድቆበት ሊናገር የፈለገውን በጸሎት ለወጠው።

እቴቴ ውሃ እንድታድል ተመድባ፣ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። ጉልበቷን ታሻሻለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች። በመጨረሻ የውሃውን ጆግ አስቀመጠችና ተነሣች።

«እንዲህ አይደለም!» አለች።

ሁሉም ዞሮ አያት። እቴቴ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ደረቷን ነፋች፣ ካባው ከተዘጋ ጀምሮ ማንም ያልሰማውን ያንን ድምፅ ለቀቀችው። «ከብጃለሁ» አለች። ከሰልፉ መሃል መዘምራኑ፣ ሳያስቡት፣ «ሳበኝ ጌታዬ» ብለው መለሱ። «ተቀብሬ» አለች። አሁን የመለሱት በዙ። ሦስቱን ሲሉ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ በአራተኛው ሁሉም አየር ሳበና ባዶው በዚያች ዕረፍት ቁልቁል ተመለሰ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ዜማው ራሱ መቼ እንደሚያቀብሉ፣ መቼ እንደሚቀበሉ ይነግራቸዋል። ያቺ በእሁዱ የሳቀችው ሴት ከሁሉ በላይ ጮኻ ትቀበል ነበር፤ እንባዋም ሲሚንቶው ባበላሸው ጉንጯ ላይ መስመር ሠርቶ ይወርዳል። ፎርማኑ መጮኹን ተወና በአካፋው እጀታ የማደባለቂያውን ሆድ ይመታ ጀመር። አልፎ ሂያጅ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሰማ፤ ጥቂቶቹ ገብተው ሰልፉን ያዙ።

ካውያ ባልዲ ማቀበሉን አላቋረጠም። መዘመር ግን አልቻለም። ቃሉ ከእሱ እጅ ወጥቶ በዚህ ሁሉ ሰው ደረት ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ማየት ብቻ ነበር የቻለው። ቀና ሲል ጋሽ ቀያሽን አያቸው። ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቆ፣ ባልዲ ተቀብለው ሲያፈሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እቴቴ አዲሱ መዞሪያ ላይ ስትደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ወለሉ ተሞልቶ ሲያበቃ ሁሉም በየደረሰበት ቁጭ አለ። ጋሽ ቀያሽ በመወጣጫው ወርደው መጡና ካውያ አጠገብ ጠጠሩ ላይ ተቀመጡ።

«የጠርሙስ ድምፅ ሰማሁ ብል ዋሸሁ» አሉት። «የሰማሁት ባልዲ ነው።»

በማግስቱ እሁድ ካውያ ኪቦርዱን በጨርቅ እንደ ሸፈነው ተወው። መዘምራኑ ጋውን ያልለበሱት ያለፈውን ፈርተው ሳይሆን ክንዳቸው ዝሎ ማንሣት ስላቃታቸው ነው። እቴቴ ከፊት ወጣች። ሲጠሯት እምቢ ትላለች ብለው ፈርተው ነበር፤ እሷ ግን እስኪጠሯት አልጠበቀችም። ጉባኤው ቃሉን ከወረቀት ማንበብ አላስፈለገውም፤ እጁ አስቀድሞ ያውቀው ነበርና በአራተኛው ላይ ሁሉም አንድ ላይ ተነፈሰ። ያን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ የሰማው መጋቢ ስብከቱን አሳጠረ።

እርግጥ ሁሉም ደስ አላለውም። አንድ ቤተሰብ አምልኮው የካባ ጩኸት ሆነ ብሎ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ካውያ አዘነ፤ ቤታቸው ድረስ ሄዶም አነጋገራቸው፤ አልተመለሱም። ቴሌቪዥናቸው ሲበላሽ ግን አሁንም የሚያመጡት እሱ ዘንድ ነው፤ እሱም አሳምሮ ይሠራላቸዋል፣ ሻይም ይጠጣሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ መዝሙር ሠሩ፣ ከአንድ የልጅ ማስተኛ ዜማ የተነሣች፣ ለማታ ጸሎት የምትሆን። ሦስተኛው ግን አልሆነም። ካውያ ብቻውን ነበር የሠራው፤ እቴቴ አንዴ ሰምታው አንዳች ሳትል ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች፣ እሱም ገብቶት እየሳቀ ካርቶኑን ቀደደው። ከአጎራባች ቤተ ክርስቲያናት ዜማውን አስተምሩን የሚሉ መጡ። እቴቴ ከየሰፈሩ አሮጊቶችን እየፈለገች አንቺ ዘንድስ ምን ቀርቷል እያለች ታሰባስባለች፤ ያገኘችውን ሳትረሳው ለማድረስም እየሮጠች ሱቁ ትገባለች።

ሰሞኑን የያዙት አራተኛውን ነው። ጋሽ ቀያሽ በየጠዋቱ ሱቁ በር ላይ በርጩማ ይዘው ይቀመጡና እቴቴ ስታዜም ቃሉ ለትንፋሹ መብቃት አለመብቃቱን በመዳፋቸው ይለካሉ። ትናንት «ምሕረት» የሚለው ቃል ይረዝማል አይረዝምም ብለው ሲከራከሩ፣ ሬዲዮው ተጠግኖ እንደሆነ ሊጠይቅ የመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቅ አንድ ሰው አይረዝምም ብሎ ከእቴቴ ወገን ቆመ። ጋሽ ቀያሽ እስኪ አንተ አዚመው አሉት። ሰውየው አፈረ፣ ሳቀ፣ ከዚያ አዜመው፤ ድምፁም መልካም ነበር። ካውያ የከፈተውን ሬዲዮ ወደ ጎን ገፋ አደረገና፣ «እንግዲህ ከመጀመሪያው» አለ።